ወንበሩና አጎዛው

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የተማርኩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አጎቴ ቤት ተቀምጬ ነው። አጎቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠሩ ስለነበር የሚመጡት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከልጃቸው ጋር በአንድ ክፍል እያደርን ለአንድ ማትሪክ እንዘጋጃለን። እሷ ግን አባቷ በሳጥን እንጨት ያሠሩላት ጠረጴዛና ወንበር መስኮቱ ሥር አላት። እኔ ከአገሬ ከገራዶ ይዤው የመጣሁት አጎዛ ጥግ ላይ ተነጥፎልኛል።

ቀናሁባት። ሌላ ስም አልሰጠውም። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ስታነብ ሐሳቧም እንደ አቀማመጧ ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። እኔ ቁርአን ቤት እንደለመድኩት እግሬን አጣጥፌ፣ ወደፊት ወደኋላ እየተወዛወዝኩ፣ ድምፄን አውጥቼ ነው የማጠናው። እንዲህ ጎብጬ ምን ቁም ነገር ሊገባኝ ነው እያልኩ እበግናለሁ።

አንድ ቅዳሜ አጎቴ ሲመጡ ዋሸሁ። «ወገቤን እያመመኝ መሬት መቀመጥ አቃተኝ» አልኳቸው።

«አብሽሪ» አሉኝ። ከኮምቦልቻ እንደገቡ ከዋሉበት የቀበሌ ስብሰባ መመለሳቸው ስለነበር እኩልነት አፋቸው ላይ ነበር። «ወላሂ፣ እዚህ ቤት አንዱ ወንበር ላይ ሌላው መሬት ላይ አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ ወንበሩ ያንቺ ነው።»

ልጃቸው መሬት መውረዷን ልብ አላሉም። እሷም ደብተሯን ሰብስባ አጎዛዬ ላይ ተቀመጠች።

ወንበሩ ላይ ስወጣ ንግሥት የሆንኩ መሰለኝ። መጽሐፉን ገልጬ ልወዛወዝ ስል ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«ኧረ ሰበርሽው!» አሉ የአጎቴ ሚስት ከጓዳ።

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀጥ ስል ደግሞ አንድም ነገር አይገባኝም። ዓይኔ በመስኮቱ ወጥቶ መንገደኛ ይከተላል፤ አንዱን ገጽ ሦስቴ አንብቤ ስዘጋው ባዶ ነኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ይኼንን ነው።

እሷ እኔን ስታይ ከርማለችና መሬት ላይ ሆና መወዛወዝ ጀመረች። በሳምንቱ ባዮሎጂውን በቃሏ ታንበለብለው ያዘች። አሁን ደግሞ በገዛ አጎዛዬ ቀናሁባት። መልሺልኝ እንዳልላት ወገቤን አሞኛል ብያለሁ።

ፈተናው ስምንት ቀን ሲቀረው ከደብተሯ ቀና ብላ «ወገብሽ ተሻለሽ እንዴ?» አለችኝ።

አዎ ብል አጎዛዬ ይመለስልኛል። ግን ተመልሳ መስኮቱ ሥር ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ታየኝ፤ ያንን አልቻልኩም።

«ገና ነው» አልኳት።

ማትሪኩን አለፈችና ወንበሩን ለኔ ትታ ዩኒቨርሲቲ ገባች።