ሦስቱ የህንድ ሸክላዎች

የህንድ ፊልም ዘፈን በሬዲዮ ሲሰማ አጠገቤ ያሉት ሰዎች ፊታቸው ይፈታል፤ አንዳንዶቹም ቃሉን ሳያውቁ ዜማውን ያንጎራጉራሉ። የእኔ ዓይን ግን የሚሄደው ወደ ሴቶቹ ነጠላ ነው። ጥለቱ በየት በኩል እንደዋለ፣ ማን ፊቷን ወደ ግድግዳ እንደመለሰች እመለከታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰች፣ ዕድሜዋም ለገፋ ሴት የሚያኮራ ልማድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የተማርሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የተማሩት ነገር በቀላሉ አይለቅም።

ጣሊያን ቡሬን ይዞ በነበረበት ዘመን ቤታችን ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ነበር። አባቴ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል። ይህን የምናውቀው እናቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህትና እኔ ብቻ ነበርን። ለሌላው ሰው ሁሉ አባቴ “ሽንዲ በሬ ሊሸጥ ሄዷል።” እናቴ ይህችን መልስ እንደ ዳዊት አስጠንታኝ ነበር። ጠያቂው ዘመድም ቢሆን፣ ካህንም ቢሆን፣ መልሱ አንድ ነው። ሁለት ጊዜ የጠየቀ ሰው ካለ ደግሞ መልኩን ይዤ ማታውን ለእናቴ እነግራለሁ። ባሎቻቸው ጫካ የገቡ የሁለት ጎረቤቶቻችን ቤት በእሳት ጋይቷል። ጠላት ሽፍታ ብሎ ለሚጠራው ሰው ያለቀሰም እንደ ሽፍታ ይቆጠራል ይባል ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት በእኛ አካባቢ የሚሞት ጎልማሳ አልነበረም፤ አንዱ ሽንዲ፣ ሌላው ፈረስ ቤት ሄዶ ዘግይቶ ነው።

አክስቴ የመጡት ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለው ቦታ አጠገብ ካለ መንደር ነው። ባላቸው ካረፉ በኋላ የወንድማቸውን ቤት ለመጠበቅ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ረጅምና ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። በደህናው ዘመን ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ ይሰማል ይባልላቸው ነበር። እናቴ ታከብራቸዋለች፤ ትወዳቸዋለች ግን ለማለት አልደፍርም።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬ ይዛ ቡሬ ገበያ ትወጣለች። እኔም ትንሹን ስልቻ ይዤ እከተላለሁ። ከገበያው ዳር አንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ ነበረው፤ ሰው ሁሉ “ዓረቡ” ይለዋል። አቡጀዲ፣ ክር፣ መርፌና ሽቶ ይሸጣል። ባንኮኒው ላይ ደግሞ መዘውሩን እያዞረ የሚያጫውተው ግራሞፎን ነበር። ሸክላዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከኤደን ያመጣቸው፣ የአንድ የህንድ ሲኒማ ዘፈኖች። በሁለት ሁለት ገጻቸው ስድስት ዘፈኖች አሉ፤ ዛሬም በቅደም ተከተል አውቃቸዋለሁ። በመጀመሪያው ሸክላ ወንዱ ብቻውን፣ እንደሚለምን ሰው፣ ይዘፍናል፤ በጀርባው ሴቲቱ እየሳቀች ትመልስለታለች። በሁለተኛው ሁለቱም በአንድነት ይዘፍናሉ፤ ገጹን ሲያገላብጡት ብዙ ሴቶች እንደ ሠርግ ሚዜ ያጅባሉ። በሦስተኛው ሴቲቱ ብቻዋን ናት። ድምፅዋ ከላይ ተነስቶ በረጅሙ ይወርዳል፤ ከታች ሲደርስ ይሰበርና እንደገና ይነሳል። የስድስተኛውን ነገር ኋላ እናገራለሁ።

ገበያተኛው ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጨው ገዢ ዓረቡን ጠየቀችው።

“ምን ትላለች ይህች ሴት?”

“ሲኒማ ነው። ወንድ አለ፣ ሴት አለ። ይዋደዳል። አባት እንቢ ይላል።”

“እንዲህ የምታለቅሰው ታዲያ ለአባቷ ነው?”

“አይ። ወንድ ሄደ። አልመጣም።”

“በሬ ሊሸጥ ሄዶ ይሆናላ!” አለች ሌላዋ።

ደጃፉ በሳቅ ሞላ። ወዲያው ግን ሳቁ ቀጥ አለ፤ ሁሉም ወደ አግዳሚው አየ። አግዳሚው ላይ የጣሊያኖቹ ምሽግ አስተርጓሚ ተቀምጧል። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የሚቀመጠው ለዘፈኑ ፍቅር እንዳልሆነ ልጅም ያውቀዋል። የማይታወቅ ቋንቋ የሚዘፍን ሸክላ ለጫካ ሰዎች ምልክት ሊሆን ይችላል ብለው የምሽጉ ሹማምንት ጠርጥረዋል ተባለ። የእኛ ሰዎች በበኩላቸው ዘፈኑ ማን ገበያ እንደመጣ ለምሽጉ የሚያሳብቅ ነው ብለው ጠርጥረዋል። እኔም የራሴን ጥርጣሬ ይዤ ነበር።

እናቴ በርበሬውን ሸጣ ስትጨርስ፣ ጨው ከመግዛቷ በፊት፣ ወደዚያ ሱቅ ትገባለች። ምንም አትገዛም። ይህን በጥቅምት አካባቢ አላስተዋልሁም፤ ከኅዳር ወዲህ ግን አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። አክስቴም ጨው ይዘን የምንመለስበት ሰዓት መዘግየቱን ልብ ብለው ኖሮ፣ አንድ ቀን ጓሮ ጠርተው ጠየቁኝ።

“የት ነው የምትቆዩት?”

“ዓረቡ ሱቅ።”

“ምን ትገዛለች?”

“ምንም።”

“የማትገዛ ሴት ሱቅ የምትገባው ምን ልትሸጥ ነው?”

አክስቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። “ወንድሜ በዱር ውርጭ እየመታው እሷ የፍቅር ዘፈን ታዳምጣለች። ስሚኝ ልጄ። ነገሩ እንደማስበው ከሆነ ለሽማግሌ ተናግሬ ወደ አባቷ ቤት እመልሳታለሁ፤ አንቺን ፈረስ ቤት ዘመዶቻችን ዘንድ እወስድሻለሁ። ሐሰት ከሆነ ደግሞ ከሐሜት ያወጣሻት አንቺ ነሽ። ዓይንሽን ክፈቺ።”

የኋለኛውን ቃል አምኜ ነው ሥራውን የተቀበልሁት ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ትልቅ ሰው ስለጠየቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስት ቅዳሜ ተከታተልኋት፤ ያየሁትንም አንድ ሳላጎድል አደረስሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሸክላዎች ሲዞሩ እናቴ ክር እየነካካች ትቆማለች። ዓረቡ ሲያያት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሦስተኛውን ሸክላ ያስቀምጣል። ያኔ እሷ ከጣሪያው ከተንጠለጠለው አቡጀዲ ኋላ ትገባለች። ልትገባ ስትል፣ ለሰው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ነጠላዋን ትገለብጠዋለች፤ ስትወጣ ትመልሰዋለች። ዓይኗ ቀልቶ ትወጣለች። ስጠይቃት “በርበሬው ነው” ትለኛለች፤ በርበሬው ግን ካለቀ ቆይቷል። ዓረቡ ሸክላውን ገልብጦ ስድስተኛውን ዘፈን፣ ወንዱ የሚመለስበትንና ሁለቱ የሚደሰቱበትን ሲያዞር፣ እናቴ አንድ ቀን እንኳ ቆማ አልሰማችውም፤ ወጥታ ትሄዳለች።

አክስቴ ሁሉን ሰሙ። የነጠላው ነገር ላይ ስደርስ ብቻ “ለማን ነው የምትዋበው?” አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ጨው ራሳቸው እንደሚገዙ ለእናቴ ነገሯት። እናቴ ፊቷ አልተለወጠም። “እንዳሉ፣ እትዬ” አለች።

ገበያ ደርሰን ተለያየን፤ እኔ ከአክስቴ ጋር ሆንሁ። በርበሬው አለቀ። እናቴ፣ አክስቴ ጨው ተራ የቀሩ መስሏት፣ ወደ ሱቁ ገባች። አክስቴ እጄን ይዘው ከደጃፉ ሰዎች ጀርባ ቆሙ። አስተርጓሚው አግዳሚው ላይ ነበር። ሴቲቱ ብቻዋን የምትዘፍነው ሸክላ ጀመረ። አክስቴ እጄን ለቀው ሰዉን እየገፉ ገቡ፤ አቡጀዲውንም በአንድ እጃቸው ገለጡት።

እናቴ ብቻዋን ነበረች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ አምጥታዋለች። በተጨበጠ እጇ፣ ድምፅ እንዳይሰማ አድርጋ፣ ደረቷን ከዘፈኑ እኩል ትመታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። የሚሰማው የህንዷ ሴት ድምፅ ብቻ ነው።

እኔ ለቅሶ በተደበቀበት ዘመን ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን መሆኑን የሚያሳየኝ አላገኘሁም ነበር። አክስቴ ግን ዕድሜያቸውን ሁሉ ለቅሶ ቤት መሀል የቆሙ ሴት ናቸው። ባለትዳር ሴት ተደብቃ እንዲህ የምታለቅሰው ለማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ወንድማቸው ነው። አፋቸው ተከፈተ። ያ ከወንዝ ማዶ የሚሰማው ድምፅ ጉሮሯቸው ድረስ ሲመጣ አንገታቸው ላይ አየሁት።

“ምንድን ነው እዚያ?” አለ አስተርጓሚው ከአግዳሚው እየተነሳ።

አክስቴ የአቡጀዲውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ነከሱት። እንዲህ እንደነከሱ ዘፈኑ አለቀ፤ መርፌው ብቻ ይፋጭ ጀመር። ከዚያ ጨርቁን አውጥተው፣ በጣታቸው አሽተው፣ ዞር አሉ።

“አንተ ዓረብ፣ ይህ አቡጀዲህ ስስ ነው።”

“ስስ አይደለም! ነክሶ ነው ወይ የሚገዛው?”

“ዘፈኑ ይሻላል። ድገመው።”

“ወደዱት እንዴ፣ እናቴ?” አለ አስተርጓሚው፣ ቆሞ እያያቸው።

“ምነው፣ አሮጊት ፍቅር አያምራትም?”

ደጃፉ ሳቀ፤ እሱም ሳይወድ ሳቀና ተቀመጠ። ዓረቡ መዘውሩን አዞረ። አክስቴ ከጨርቁ ኋላ ገብተው ከእናቴ ጎን ቆሙ፤ የራሳቸውንም ነጠላ አዘቀዘቁ። እኔ ከውጭ ቆሜ ከጨርቁ በታች አራት እግሮች አየሁ። አባቴ መሞቱን ማንም አልነገረኝም፤ ከእነዚያ እግሮች ነው የተረዳሁት። ዓረቡ በዚያ ቀን ስድስተኛውን ዘፈን አላዞረም። የእናቴን ሐዘን ያውቅ ነበርን? ካወቀስ ማን ነገረው? ይህን እስከ ዛሬ ልደርስበት አልቻልሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንዙ ዘንድ ደረስን። ከተሻገርን በኋላ አክስቴ ቆሙ።

“መቼ?”

“ኅዳር ላይ። የነፍስ አባቴ ናቸው ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ጠርተው ያረዱኝ።”

“አራት ወር ሙሉ! እኔን፣ እህቱን፣ ጠርጥረሽ?”

“እርስዎን አይደለም። ‘እሷ ከሰማች አገር ይሰማል’ አሉኝ። ቤቱ እንዳይቃጠል፣ ልጅቷም እንዳትጠፋ ብዬ ነው።”

“ድምፄን ነው የጠረጠራችሁት።”

“እርስዎስ ምኔን ጠረጠሩ?”

አክስቴ ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። እናቴ ግን፣ “ሱቁ ውስጥ መሆኔን ማን ነገረዎት?” አለች።

ባዶውን ስልቻ ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምሁ። አክስቴ ወደ እኔ አላዩም።

“ማን ይነግረኛል? ገበያ ነው የሚያወራው” አሉ።

እናቴ ያመነች አይመስለኝም። እስክትሞት ድረስ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋትም። ፈረስ ቤትም የወሰደኝ የለም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሁለቱ አብረው ይገቡ ነበር፤ እኔ ደግሞ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ አግዳሚውን እጠብቅ ነበር።

ጠላት ሲወጣ የአባቴ ለቅሶ በግልጽ ተለቀሰ። ጥይት የበሳው ልብሱ መሀል ላይ ተዘረጋ፤ ከሩቅ አገር ሁሉ ሰው መጣ። እኔም ነጠላዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አዘቀዘቅሁ። አክስቴ ያን የቆየ ድምፃቸውን አወጡት፤ በእውነትም ከወንዝ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ተራው የእናቴ ሆነ። ቃሉ የእኛው ነበር፤ ስለ ጎራዴው፣ ስለ አካሄዱ፣ ስለ ባዶው መደብ። ዜማው ግን ከላይ ተነስቶ በረጅሙ ወረደ፤ ከታች ሲደርስ ተሰብሮ እንደገና ተነሳ። ሌላ ዜማ ብትሞክርም አልመጣላትም። ለቅሶተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ዓረቡ ሸክላዎቹን ይዞ ከሄደ ወራት አልፈው ነበርና ዜማው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

ለሙሾ የተጠሩት ባልቴት ወደ አክስቴ ተጠጉ። በጥርጣሬ እያዩ፣ “ይህ ደግሞ የየት አገር ለቅሶ ነው?” አሉ።

“የቡሬ ነው” አሉ አክስቴ።

ባልቴቲቱ አላመኑም። ቢሆንም ደረታቸውን መትተው ዜማውን ተቀበሉ።