አፍንጫው ወደ ባሕር የዞረ ቦቲ

ኤልዳ ኮርከም ዋና የተማረችው በአርባ አንድ ዓመቷ፣ ባሏን በቀበርን በስድስተኛው ወር ነው። ቀበርን እላለሁ እንጂ የቀበርነው ባዶ ሣጥን ነው። እኛ መንደር ዓሣ አጥማጅ ዋና አይማርም። አባቶቻችን "ዋና የሚችል ሰው ሲሰጥም ስቃዩ ይረዝማል" ይላሉ። ባሏ ሃርሊም አልተማረም ነበር። ድንጋይ ብትወረውር የምትደርስበት ቦታ ላይ ሰጠመ፣ እሷ ጀልባ ማሰሪያው ላይ ቆማ እያየችው።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ዓሣ ስትበልት ትውልና አመሻሽ ላይ ወገቧን በገመድ ከጀልባ ማሰሪያው መሰላል ጋር አስራ ውሃ ውስጥ ትገባለች። መንደሩ ሳቀባት። አሽሟጣጩ መርል ከፒካፑ አንገቱን አውጥቶ "አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!" አላት።

"ዘንዶው ወጥቶ ባሌን በልቷል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ያወጣል?" አለችው።

መርል ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትዋኝ ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ጀመር። እሱ ራሱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ውሃ ነክቶት አያውቅም።

እኔን ያስተማረችኝ ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎ ሲያስለቅሰኝ ነው። መዳፏን ከጀርባዬ ስር አድርጋ፣ "ዊኒ፣ አንገትሽን ምን አደነደነው? ከባሕር ጋር ልትጣዪ ነው እንዴ የመጣሽው? ልቀቂው!" አለችኝ። ለቀቅኩት። ብርዱ ቆዳዬን ነከሰኝ፣ ነከሰኝና ተወኝ። ጉልበቴን ረሳሁት። ጨዋማ ውሃ እየዋጥኩ እንደ ሕፃን ሳቅኩ። እውነቱን ልናገርና፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ከሆዴ በታች ያለው ጥቁር ትዝ ሲለኝ እግሬን ወደ ላይ እሰበስባለሁ።

"እኔም እፈራለሁ፣ የማይፈራ ከኔ ጋር አይዋኝም" ትላለች ኤልዳ።

ስለምትፈራም ነው ሕግ ያወጣችልን። አምስት ሴቶች ነን። እያንዳንዳችን እዚያው ጀልባ ማሰሪያው ላይ የሚቀመጥ አሮጌ የጎማ ቦቲ ጫማ አለን። ውሃ ስንገባ ቦቲያችንን ጠርዙ ላይ እናወልቃለን፣ አፍንጫው ወደ ባሕር። ስንወጣ እዚያው ባለው መጋዘን ግድግዳ ስር እንመልሰዋለን፣ አፍንጫው ወደ መሬት። ጭጋግ ካለ መርል ፒካፑ ውስጥ ሆኖ በየደቂቃው ክላክስ ያደርጋል፣ ዋናተኛው በድምፁ መሬት ወዴት እንደሆነ እንዲያውቅ። ቦቲው ሁሉ ካልዞረ ክላክሱ አይቆምም። የሰው ቦቲ ደግሞ አይነካም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካም።

ማክሰኞ ቀን፣ በመስከረም፣ ጭጋጉ እጅህን ዘርግተህ የማታይበት ዓይነት ነበር። አራታችን ብርዱ ቢብስብን ወጣን። ሦስቱ ለብሰው ሄዱ። ኤልዳ ከመሰላሉ ስር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "አንድ ዙር ልጨምር። ሾርባሽን አትጨርሺው፣ እመጣለሁ" አለችኝ።

"አሮጊት ነሽኮ፣ ውጪ!"

"አሮጊትስ አንቺ!" ብላ ሳቀችና ጭጋጉ ውስጥ ገባች።

ያኔ ዝናቡ ወረደ። ቦቲዋ ጠርዙ ላይ ውሃ ሲሞላ አየሁ። ስትወጣ እግሯ ሰማያዊ ነው የሚሆነው፣ እርጥብ ቦቲ አትልበስ ብዬ አነሳሁት፣ አፈሰስኩት። የኔን በአንድ እጄ፣ የሷን በሌላው ይዤ ግድግዳው ስር፣ ጣሪያው በሚከልለው ቦታ አስቀመጥኩ። እጄ የለመደውን አደረገ። ሁለቱንም አፍንጫቸውን ወደ መሬት። ወይ ነዶ! ምነው ያን እጄን በቆረጠው!

በጓሮ መንገድ ወደ ቤቴ ስሄድ ክላክሱ ይሰማኛል። ሾርባዬን ጣድኩ። ትንሽ ቆይቶ ክላክሱ ቆመ።

"ጎሽ፣ ወጣች" አልኩ። ሁለት ሳህን አቀረብኩ። ጠበቅኩ፣ ቀረች። ተናድጄ የራሴን በላሁ።

ስልኩ ጮኸ። መርል ነው። "ይቺ ጓደኛሽ አርጅታለች፣ ፎጣዋን መጋዘን ውስጥ ትታ ሄዳለች። ላምጣላት?"

"መርል፣ ፎጣው እርጥብ ነው ደረቅ?"

"ደረቅ ነው" አለ። ድምፁ ተለወጠ። "ዊኒ፣ ቦቲዋ ግን ዞሯል። አይቼ ነው ያቆምኩት።"

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። መርል ክላክሱ ላይ በደረቱ ተኝቶበታል። ባሕሩ ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ "ኤልዳ! ኤልዳ!" እያልኩ ጮህኩ። ጀልባዎቹ ወጡ። ሞተር ያጠፋሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ደግሞ ያስነሳሉ። ክላክሱ የባትሪው ጉልበት እስኪያልቅ ጮኸ። መልስ የለም።

በሦስተኛው ቀን ከወገቧ የምታስረውን ብርቱካናማ መንሳፈፊያ አገኙት፣ ከባሕር ዳርቻችን ጫፍ ካለው ዐለት ማዶ፣ ከመሬት አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ። ዐለቱ ጋ ሞገዱ ወደ መሬት ነው የሚገፋው፣ ዝም ብሎ የተንሳፈፈ ዕቃ ወደዚያ አይሄድም። ዋኝታ ነው የሄደችው። ድምፁ ሲጠፋባት መሬት መስሏት ወደ ጥልቁ፣ ወደ ጥልቁ ዋኘች። ጎበዝ ነበረች፣ ብዙ ሰዓት ትችላለች። አባቶቻችን ስለ ስቃዩ የሚሉትን አሁን ማንም እፊቴ እንዲናገር አልፈልግም።

ለመርል ነገርኩት። "እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፣ ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ" አልኩት። "ለማንም አትንገሪ። ሽማግሌው መርል ዐይኑ ደክሞ ነው ይበሉ" አለኝ። እንዳለውም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፣ አፈር ልብላ!

ቦቲዋን ጠርዙ ላይ መለስኩት፣ አፍንጫው ወደ ባሕር። ዝናብ ይሞላዋል። አላፈሰውም። ጭጋግ በወረደ ቁጥር መርል በሰማንያ አራት ዓመቱ ይመጣል፣ በየደቂቃው ክላክስ ያደርጋል፣ እስከ ምሳ፣ አንዳንዴም እስከ አመሻሽ። ጎረቤቱ ተማረረ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ ከበቡኝ።

"ዊኒ፣ አንቺ ነሽ የቅርብ ጓደኛዋ። ያን ቦቲ አዙሪለትና ሽማግሌው ይረፍ። ምን አለበት?"

እኔ? በዚህ እጄ?

አንድ ጊዜ አዙሬዋለሁ።