ጤነኛ ነኝ ብል ማን ይመነኝ?

ዛሬ ቤቴ ስደርስ ጎረቤቶቼ ብርቱካን ይዘው ደጄ ላይ ተኮልኩለዋል። «እግዜር ይማርህ!»

ኧረ አልታመምኩም! አራት ኪሎ የሄድኩት የጤነኛ ሰዎችን የእጅ አንጓ ነርቭ በአልትራሳውንድ ለሚለኩ ተመራማሪዎች እጄን ላውስ ነው። አንዲት ሐኪም ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ ለካችኝና አሰናበተችኝ። (ነርቬ በውፍረት ምስር ታክላለች። ይህችን ይዤ ነው ስፎክር የኖርኩት!)

ለካ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ሐኪም ቤቱ ስገባ አይተውኝ ኖሯል። በሰፈራችን በእሪ በከንቱ ወሬ ከሚኒባስ ይቀድማል።

«እትዬ፣ የመረመሩኝ እኮ ጤነኛ ስለሆንኩ ነው!»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አይ ልጄ! ለአንተ አልነገሩህም ማለት ነው።»

አሁን ብርቱካን እየላጥኩ ነው። ግን ቆይ፣ ያቺ ሐኪም ስትለካኝ ለምን ዝም አለች?

እናንተስ፣ ጤነኛ ሆናችሁ ጠያቂ የመጣባችሁ አላችሁ? ንገሩኝ፣ አትደብቁኝ።