የጋሼ ቀለመወርቅ ኮምፒውተር

እትዬ ሣህሊቱ አሮጌውን ቴሌቪዥን፣ ማይክሮዌቩንና የተበላሹትን ስልኮች በፈቃዳቸው በረንዳ ላይ አውጥተው ደረደሩ። ኮምፒውተሩን ግን በነጠላ ሸፍነው አጠገቡ ተቀመጡ።

የሟች ባላቸው የጋሼ ቀለመወርቅ ነው። ጋሼ ቀለመወርቅ ቀን ታክሲ ይነዱ፣ ማታ ደግሞ ጥገኝነት የሚጠይቀውን የአገራቸውን ሰው ታሪክ በዚህ ኮምፒውተር በአማርኛ እየጻፉ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ ነበር። ሰው ለንስሐ አባቱ ያልነገረውን አጠገባቸው ተቀምጦ ተናግሯል። እትዬ ሣህሊቱ ያኔ ፊደል አልቆጠሩም፤ ጆሯቸው ግን ከማዕድ ቤት ሆኖ ይሰማ ነበር። ዘሪቱ፣ ሃውቶርን ከተማ የምትኖረው፣ እስር ቤት የደረሰባትን ስትናገር ሰምተዋል። «አደራ፣ ልጄ እንዳይሰማ» ብላ ስታለቅስም ሰምተዋል።

ዛሬ ለበጎ አድራጎት ማኅበሩ አሮጌ ዕቃ ሊሰበስብ የመጣው ደግሞ ያው ልጅ፣ ይስሐቅ ነው። አድጎ ጢም አብቅሏል።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩንም ስጪኝ እንጂ። ፊክስ አድርገን ለተማሪ እንሰጠዋለን።»

አንቱታውን አውሮፕላን ላይ ረስቶ የወረደ ልጅ!

«አይሠራም» አሉት።

«ለማይሠራ ዕቃ ነው ነጠላ ያለበሽው?»

«ፈረንጅ የላችሁም? ፈረንጅ ይምጣና ይውሰደው።»

ይስሐቅ ሳቀ። «እዚህ ፌርፋክስ ሠፈር ያለ ሰው ሁሉ ፈረንጅ ላክልኝ ነው የሚለኝ! ሐበሻ ምን አደረጋችሁ?»

«ሐበሻ አማርኛ ያነባል።»

ልጁ ሳቁን ዋጠ። «ሶ፣ ሃርድ ድራይቩን አውጥቼ እበሳዋለሁ። የተጻፈው ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አያነበውም። ኦኬ?»

«ዓይኔ እያየ ከሆነ።»

ነጠላውን ገፈፉ፤ ዓይናቸውን ግን ከእጁ አልነቀሉም። ይስሐቅ ብሎኑን ፈትቶ መዳፍ የምታህል ብረት አወጣ። እንጨት ላይ አስቀመጣትና ከመኪናው ያመጣውን መሰርሰሪያ አነሣ። አነሣና ቆመ።

«እናቴም እዚህ ትመጣ ነበር አይደል? የእሷም ታሪክ እዚህ ውስጥ አለ?»

የፈሩት ደረሰ።

«እኔ ያኔ ፊደል መች አውቄ!»

«ቤት ወስጄ ነገ ብመልሰውስ?»

«እናትህ በሕይወት አለች። ሂድና እሷን ጠይቃት።»

«ስንቴ ጠየቅኋት! ዝም ነው የምትለኝ።»

«እንግዲያ መልሷን ሰምተሃላ፣ ልጄ።»

ይስሐቅ ብረቷን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ መሰርሰሪያውን ወደ እሳቸው ዘረጋ።

«እኔ አልችልም። አንቺ ያዢው።»

ያዙት። እጃቸው ላይ ሊታረድ እንደተያዘ ዶሮ ተንፈራገጠ፤ አለቀቁትም። ብረቷን ወንፊት አደረጓት።

ይስሐቅ ሌላውን ዕቃ ሁሉ መኪናው ላይ ጭኖ ተመለሰና እጁን ዘረጋ። «እሷንም አምጪያት፣ ሪሳይክል ትደረጋለች።»

እትዬ ሣህሊቱ የተበሳሳችውን ብረት አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት።

«እሷን ፈረንጅ ሲመጣ እሰጠዋለሁ። አንተ እናትህን ሳምልኝ።»