ፈረስ የተጨመረላት ፒካፕ

ባለፈው ሳምንት ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ በባጃጅ ስወጣ፣ ከፊታችን አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ዳገቱ ላይ ያቃስት ነበር። የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሽታ መጣ፤ ያ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ፀጉር እሳት የነካው የሚመስል ሽታ። ባለ ባጃጁ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ «ይቺስ ሴቻን አታያትም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወንድሜና ፈረሶቹ ትዝ አሉኝ። አባቴም ትዝ አለኝ፤ የዚያን ጊዜውን አባቴን ሳስብ ደግሞ እስከ ዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ አርባ ምንጭ የቀረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ አንዲት ያገለገለች ፒካፕ ገዛ፤ ሹፌሩ ታላቅ ወንድሜ ሆነ። ከላንቴ እርሻዎች አረንጓዴ ሙዝ ይጭንና ሴቻ ያደርሳል። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርት በሌለ ቀን ጋቢና ገብቼ አብሬው እሄዳለሁ። ጋቢናው የሙዝ ግንድ ጭማቂና ናፍጣ ይሸታል፤ ወንበሩን ፀሐይ ስለሚጠብሰው ጭኔን ይለበልበኛል። ወንድሜ አንድ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ያፏጫል፤ ዳገቱን ስናጋምስ ከታች የዓባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አላየሁም።

ችግሩ መኪናዋ ደክማ ነበር። ሙሉ ጭነት ስትይዝ የሴቻ ዳገት መሐል ላይ ትሰንፋለች፤ አንዳንዴም ጭነት አራግፈን፣ ግማሹን አድርሰን፣ ለግማሹ እንመለሳለን። አባቴ አንድ ቀን ምሳ ላይ እጁን ከገበታው ሳያነሳ ፈረደ።

«ይቺን ሬሳ ምዕራብ ዓባያ ላለው ሰውዬ እሸጣታለሁ። አንተም አጎትህ ሱቅ ገብተህ ጨው ትሰፍራለህ።»

ወንድሜ ጨው ሰፍሮ የሚኖር ሰው አልነበረም። መኪናዋ ከተሸጠች እሱም አብሮ እንደተሸጠ ነው፤ ይህን ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፣ አባቴም ያውቃል። «ጉልበት ብጨምርላትስ?» አለው ወንድሜ። አባቴ ሳቀ። «ጨምርላትና እንይ» አለው።

ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ስልኩ ላይ ተተከለ። የውጭ አገር ጎረምሶች የመኪናቸውን ሞተር ሲያጎለብቱ የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር የሚያየው። እንግሊዝኛውን በደንብ አይሰማም፤ ቁጥሩን ግን ይሰማል። ማርሚታውን፣ ያንን የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ አውጥተህ ቀጥ ያለ ቱቦ ብታስገባ ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት ይጨምራል፤ የአየር ማጣሪያውን በክፍቱ ብትቀይር ይህን ያህል፤ ቴስታ የሚሉትን የሞተሩን ክዳን ትንሽ ብታስፍቅ ደግሞ ሌላ። ወንድሜ ሁሉንም እንደ ቲማቲም ኪሎ ደመራቸውና አንድ በአንድ አሠራላት። አንዱ ሌላውን ሊያበላሽ እንደሚችል፣ የሌላ አገር መኪና ያገኘውን የኛዋ ላታገኝ እንደምትችል የነገረው ሰው አልነበረም። ሥራውን የሠራለት የሲቀላው ባለ ጋራዥማ ጭራሽ ኮፈኑ ላይ መዳፉን ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይተነብያል። «አሁን ገብታለች። ፈረስ ብዙ ነው የገባችው፤ እኔ እሰማለሁ» ይላል በዚያ በጋሞኛ ቃና ባማረ አማርኛው።

ድምጿማ ምን ልበልህ! ስትነሳ የሲቀላ ውሻ ሁሉ ይጮኻል፤ መናኸሪያው አጠገብ ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ጆሯቸውን ይዘው ይራገሙናል። ድምጿ በጨመረ ቁጥር ወንድሜ ጉልበቷም የጨመረ ይመስለው ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር። ደረት የሚያንቀጠቅጥ ነገር ደካማ ነው ብሎ ማን ያስባል?

የሞተር ጉልበት የሚለካ መሣሪያ እኛ ጋ አልነበረም። የጋራዡ ልጆች መለኪያ ዳገቱ ነው። ሥርዓታቸው እንዲህ ነበር፦ መኪናዋ የተለመደ ጭነቷን ትይዛለች፤ ከዚያ ሰው ይጨመርባታል። ማርሽ ሳትቀንስ ትልቁን ኩርባ ካለፈች፣ የተጨመረው ሰው እያንዳንዱ እንደ አንድ ፈረስ ይቆጠርላታል። ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ግን በዚህ መለኪያ ሰው ይኮራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃልም። አባቴም ተስማማ። ሙዟን ሙሉ ጭና፣ አራት የጋራዥ ልጆች ተጨምረውባት ካለፈች አትሸጥም። አራቱም የወንድሜ ጓደኞች ነበሩ። «ፈረሰኛው» እያሉ ያበሽቁታል፤ ጉራው ሰልችቷቸውም ነበር መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ጃንጥላውን ይዞ ኩርባው ላይ ቆመ። ልጆቹ ከሙዙ ኋላ ተቀመጡ። ሙዙ እስከ ጋቢናው ጣሪያ ተከምሮ ስለነበር ከእኛ ወደ ኋላ ምንም አይታይም። ወንድሜ አማተበና ነዳ። ጉዞውን የማስታውሰው በእግሬ ነው፤ የጋቢናው ወለል ጫማዬን አልፎ ያቃጥለኝ ነበር። ኩርባው ጋ ስንደርስ ሞተሩን ያንቀው ጀመር። መኪናዋ ከሰው እርምጃ አትፈጥንም። ወንድሜ መሪውን እያሻሸ «አይዞሽ እማ፣ አይዞሽ፣ አታሳፍሪኝ» ይላል። እንባው መጥቶ ነበር። ከዚያ ድንገት ቀለል አላት። ትንሽ ተንገዳገደችና ኩርባውን አለፈች።

ሜዳው ላይ ስንቆም ወንድሜ እየጮኸ ወረደ። ልጆቹ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ያለከልካሉ። ፈርተው መሰለኝ። የአራቱንም ራስ በየተራ ሳማቸው። እነሱ መሬት መሬቱን ያያሉ።

አባቴ ቀስ ብሎ እየተራመደ ደረሰ። «አየሃት አባዬ?» አለው ወንድሜ።

«አየሁ» አለ አባቴ፣ ፈገግም አለ። ፈገግታው ብርቅ ስለነበር ልቤ ሞቀ። «እንግዲህ ይህን ሁሉ ፈረስ ካገኘች ሴቻ ምን ይሠራላታል? ሰኞ ሙሉ ጭነት ይዘህ ተራራውን ጨንቻ ድረስ ትወጣለህ።»

ሰኞ ትምህርት ቤት ነበርኩ። የሆነውን የሰማሁት ከወንድሜ ነው። የጨንቻ መንገድ የሴቻ ዳገት አይደለም፤ አያልቅም። ዶርዜ ሳይደርስ ሞተሩ ፈላ። በዚያ ጉም ውስጥ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ስር ወጣና መኪናዋ ቆመች። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ለጎማው ድንጋይ ሊያስደግፍ ወረደ። ገና ድንጋዩን ሲያስጠጋ ፍሬኑ ጭነቱን መቋቋም አቃተውና መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ቀኝ እጁን ጎማው ከድንጋዩ ጋር ጨፈለቀው። ሙዙ መንገድ ላይ ተበተነ፤ የሠፈሩ ልጆች እየለቀሙ ሮጡ። ከመሐላቸው አንዱ ሸሚዙን አውልቆ እጁን አሰረለት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ከአራቱ የወንድሜ የቅርብ ጓደኛ የሆነው ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። «ወርደን ነበር» አለኝ። አልገባኝም። «ቅዳሜ፣ ኩርባው ጋ። ልትቆም ነበር። ለቀልድ ብለን ዘለን ወረድንና ገፋናት፤ ስታልፍ ተመልሰን ተሳፈርን። ማታ ነግረነው ልንስቅ ነበር እኮ! ከዚያ ራሳችንን ሳመን፤ እንዴት ብለን እንንገረው?» ዓይኔን ማየት አቃተው። «ጋሼ ደግሞ አይተውናል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም በሉ አሉን።»

አባቴ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሲገፏት አይተሃል?» አልኩት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ላክኸው?»

«እኔ ብነግረው ያምነኝ ነበር? ተራራው ይንገረው አልኩ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው ነገሩ።»

አባቴ ወንድሜን አንድ ቀን እንኳ መክሮት አያውቅም። ሁለቱን «ምከረው» ዘሎ ነው መከራው ላይ የደረሰው። ይህን እዚያው ነገርኩት፤ ጮኼ ነገርኩት፤ ጠያቂው ሁሉ ዞሮ አየን። ጃንጥላውን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። መኪናዋ የምዕራብ ዓባያው ሰውዬ ጋ ሄደች፤ የወንድሜ ሦስት ጣቶችም ሆስፒታል ቀሩ። እውነቱን ግን ማንም አልነገረውም። ጓደኞቹ አፈሩ፤ እኔም ጣቶቹን ያጣን ሰው ያችን ቅዳሜ ደግሞ ልቀማው አልቻልኩም። አባቴ ለምን ዝም እንዳለ ያኔ አላውቅም ነበር።

አሁን ወንድሜ የመለዋወጫ ዕቃ ይሸጣል። ቡሎን የሚያጠብቁለት ሌሎች ናቸው። ዘንድሮ ለመስቀል ሁላችንም አባቴ ቤት ተሰበሰብን፤ ያ ኮሪደር ላይ ያለቀሰው ጓደኛውም መጥቶ ነበር። ክትፎው ሲያልቅ ወንድሜ ልጆቹን ሰብስቦ ያችን ቅዳሜ ተረከላቸው። በዚያ በቀሩት ጣቶቹ መሪ ይዞ፣ በአፉ የሞተሩን ድምፅ እያወጣ፣ ልጆቹን በሳቅ ገደላቸው። ትልቁ ልጁ ግን አላመነውም። «ውሸትህን ነው አባ፤ አራት ሰው ከነሙዙ?»

«አያታችሁ ኩርባው ላይ ቆሞ አይቷል! አባዬ፣ ንገራቸው እስቲ።»

ጓደኛው ማኘኩን አቆመ። እኔ አባቴን አየሁት። አርጅቷል፤ ሰውነቱ በጋቢው ውስጥ ጠፍቷል። ግን አውቀዋለሁ፤ እውነት የሚወደው ስታሳምም ነው። አሁን በእውነቱ ይገድለዋል ብዬ ፈራሁ። አባቴ የወንድሜን እጅ ተመለከተ።

«አልፋለች» አለ። ደግሞም ማንም ሳይጠይቀው «ማንም ሳይገፋት» አለ።

«ሰማችሁ!» ብሎ ወንድሜ ጭኑን መታ።

ሳህኖቹን ሰብስቤ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። አባቴ ስለ ወንድሜ ሲናገር የሰማሁት ደግ ቃል ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነው። ይቅር አላልኩትም። ሲመሽ ግን ውኃ አሙቄ እግሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ።