ዶሮ የታቀፈችባት መኪና

ይህን ሳወራ ማንም አያምነኝም፤ እኔ ግን እማማ የሺን ሳላመሰግን ያደርኩበት ቀን የለም፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ።

በደርግ ጊዜ ቦሌ በነበረው ግቢያችን አንዲት ባለ ሁለት ወንበር የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነበረችኝ። እሁድ እሁድ እፈታታታለሁ፣ መልሼ እገጥማታለሁ፤ እሷ ዘይት ማፍሰሷን አትተውም። የግቢ ጎረቤቴ የእማማ የሺ ዶሮ ደግሞ ወንበሯ ላይ እንቁላል ታቅፋ አልነሣም ስላለች ከእማማ ጋር ተኳርፈን ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌ ሰው የቡርዧ መኪና አለ ተብሎ ሊወርስ መጣ። መኪናዋን የሸፈንኩበትን ሸራ ሊገልጥ ሲል እማማ የሺ ከጓዳ እየሮጡ ወጡ።

"ኧረ ልጄ! የዶሮ ቤቴን እንዳትነካብኝ!"

"እማማ፣ የዶሮ ቤት ጎማ አለው እንዴ?"

"ታዲያስ! ፀሐይ ወደዞረችበት እንገፋዋለን።"

ሰውየው ሸራውን ገለጠ። ዶሮዋ እጁን ነቆረችው። እኔ ግሪስ በግሪስ ሆኜ፣ ፒንሳዬን ከኋላዬ ደብቄ ቆሜያለሁ። እጁን እያሻሸ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ። አለቀልኝ አልኩ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "ወንድሜ፣ ለዶሮ ቤትህ ከሥሩ ጣሳ አድርግለት፤ ዘይት ያፈሳል" ብሎኝ ወጣ።