«ድገሚው» የሚለኝ ድምፅ

ባለቤቴ በመጨረሻው ዓመት ዓይኑ ደክሞ ማንበብ ሲያቅተው፣ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የማነብለት እኔ ነበርሁ። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ስለነበር ግእዙን በቃሉ ያውቀዋል። ስሳሳት፣ ሳል እያቋረጠው፣ «ድገሚው» ይለኛል። ይህን በስልኬ እቀዳው ነበር። ቅጂውንም ከስልኬ አንሥቼ ላፕቶፑ ላይ፣ ዓይኑ ገና ደህና ሳለ እሱ ራሱ ባዘጋጀው ፎልደር ውስጥ አኖርሁት። እዚያ የገባ ሁሉ በኢንተርኔት ሌላ ቦታም እንደሚቀመጥ ነግሮኛል። ያ ለእኔ አደራ ማስቀመጥ ነበር።

ሲያርፍ ታላቅ እህቱ ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ መጡ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ብቻዋን አትተውም፤ ስለዚህ ከተዝካሩ በኋላም ደብረ ማርቆስ፣ እኔው ክፍል ውስጥ፣ አልጋቸውን ከአልጋዬ አስጠግተው ቀሩ። ልብሱን ከፊቴ አነሡ፤ ፎቶውን ከግድግዳ አወረዱ። ወደ ደጅ ስወጣ «የት ነው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ከላፕቶፑ ድምፁን ስሰማ ደረሱብኝ።

«አጥፊው።»

«እትዬ፣ ድምፁ ብቻ እኮ ነው።»

«እኔ ወንድሜን ቀብሬ ተመለስሁ። አንቺ ሳጥን ውስጥ ከተሽ ጠዋት ጠዋት ትቀሰቅሺዋለሽ። ይረፍበት።»

ከራስጌዬ ቆመው እያዩኝ አጠፋሁት። የታዘዝሁት ሌላው ቦታ አለ ብዬ ነው።

በሳምንቱ አብራኝ የምታስተምር የኮምፒውተር መምህርት ልትጠይቀኝ መጣች። እትዬ ውሃ ሊቀዱ ወጣ ሲሉ ስልኬን ሰጠኋትና በኢንተርኔት የተቀመጠውን እንድታሳየኝ ለመንኋት።

«ባዶ ነው፣ እህቴ።»

«እዚያኛው ቦታ ያለውን ነው የምልሽ።»

«እሱን ነው የማይ። ይህ ሁለቱን ቦታ አንድ ዓይነት የሚያደርግ ነው። እዚህ ስታጠፊ እዚያም አብሮ ይጠፋል።» ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የጠፉት የሚቆዩበት ቅርጫት አለው። ለጥቂት ጊዜ ነው እንጂ አሁን እዚያ አሉ። ግን ብመልሳቸው ተመልሰው ላፕቶፑ ላይ ይወርዳሉ።»

እትዬ የሚያገኙት እዚያው ነው። ባልመልሰው ደግሞ ጨርሶ መጥፋቱ ነው።

እትዬ ጀሪካኑን ይዘው ሲገቡ ላፕቶፑን ከፍተናል። «የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ እማማ» አለቻቸው።

«ሥራ አያልቅባችሁም» ብለው ከፊታችን ተቀመጡ።

መምህርቷ መጀመሪያ ላፕቶፑን ከዚያኛው ቦታ ለየችው። ቀጥላ ድምፆቹን ከቅርጫቱ አወጣችና ላፕቶፑ ላይ ወደማይወርዱበት ሌላ የኢንተርኔት ቦታ ቀዳቻቸው። ከዚህ በኋላ የምጨምረው ከዚህ ወደዚያ ብቻ እንዲሄድ፣ እኔ እዚህ ባጠፋ እዚያ ምንም እንዳይነካ አደረገችው።

«ተከፍቶ ካልታየ አይታመንም» ብላ ማዳመጫውን ከነጠላዬ ሥር አቀበለችኝ።

ሳሉ መጣ። ከዚያ «ድገሚው» አለኝ። እትዬ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። አንገቴን ደፋሁ።

ማታ «ጠፍቷል አይደል?» አሉኝ።

«ላፕቶፑ ላይ የለም።»

«ጎሽ፣ ልጄ» ብለው ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዬ ሳቡልኝ።

ድምፁ ደህና ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለመክፈት ብቻዬን የሆንሁበት ሰዓት የለም። ጠዋት ዳዊት ሳነብ እትዬ ከጎኔ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ግእዝ አያውቁም። ስሳሳት ዝም ይላሉ፤ እኔም አልፈዋለሁ።